የበረኛው መዝገብ

ከአየር ጤና ተነሥቶ፣ ዓለም ገናን አልፎ፣ የጅማን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው ሰበታ ሲገባ ከዳቦ ቤቱና ከስልክ ጠጋኙ መካከል ተጣብቃ የቆመች፣ በርዋ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት አንዲት ጠባብ ክፍል ያገኛል። ከሁለት ኮምፒዩተሮች፣ ከአንድ ማተሚያና ከአንድ አግዳሚ ወንበር በቀር ይህ ነው የሚባል ዕቃ የሌላት ብትሆንም፣ የይዞታ ካርታውን የሚያባዛው ገበሬ፣ የፋይዳ መታወቂያውን በፒዲኤፍ አምጥቶ የሚያሳትመው ወጣት፣ የፍቺ አቤቱታዋን በፍላሽ ይዛ የምትመጣው ወይዘሮ ሁሉም በእርሷ በኩል ስለሚያልፉ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የምትሸከመው የሰው ምሥጢር የአንድ ወረዳ መዝገብ ቤት ከሚሸከመው አያንስም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ወደዚያች ክፍል በሄድኩበት ጠዋት አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ፍላሽ ፈትተው «ልጄ የላከልኝ ነው፤ አውጣልኝ እስቲ» አሉት። ባለቤቱ ወጣት «እሺ አዴ፣ ይቀመጡ» ብሎ ፍላሹን ከሰካ በኋላ ሰነዱን ከፈተና፣ ወዲያው ወደ ማተሚያው በመዞር ፈንታ በሌላው መስኮት ላይ በጥቁር ሰሌዳ የሚወርዱትን ነጫጭ መስመሮች ሲመለከት አየሁት።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ በረኛው ምን እንደሚል ልይ ብዬ ነው።»

በረኛ ያለው አፕአርመር የተባለውን፣ በሊኑክስ ኮምፒዩተር እምብርት፣ ከርነል በተባለው ውስጥ ተቀምጦ እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን እንዲነካና ምን እንዳይነካ የሚወስነውን ሥርዓት ነው፤ መስመሮቹም በረኛው ማንን እንዳሳለፈና ማንን እንደመለሰ የሚጽፍባቸው የዕለት መዝገቡ ነበሩ።

የዚህን በረኛ ጥቅም ለመረዳት አስቀድሞ እርሱ በሌለበት ቤት የሚሆነውን ማወቅ ያሻል። ከዩኒክስ የተወረሰው ጥንታዊው የፈቃድ ሥርዓት ሰውን በሦስት ወገን፣ ማለትም ባለቤት፣ የባለቤቱ ማኅበርተኞችና የቀረው ሕዝብ ብሎ ከፍሎ፣ ማንበብን፣ መጻፍንና ማስኬድን ለየወገኑ ያድላል። ይህ ሥርዓት ባለቤቱን ከጎረቤቱ ይጠብቀዋል፤ ዳሩ ግን ባለቤቱ የጠራው ፕሮግራም ሁሉ የባለቤቱን ካባ ደርቦ ስለሚገባ፣ ፒዲኤፍ ለማንበብ ብቻ የተጠራው አገልጋይ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ፣ የባንክ ደረሰኙን፣ የሩቅ ኮምፒዩተር መግቢያ ቁልፉንም እንደ ጌታው ሊያገላብጥ ይችላል። ሰነዱ በተንኮል የተዘጋጀ ሆኖ አንባቢውን ፕሮግራም ቢያስተው፣ የሳተው አገልጋይ በጌታው ሥልጣን ይዘርፋል፤ የጥንቱም ሥርዓት ይህን ዘረፋ እንደ ባለቤቱ ሥራ ቆጥሮ ዝም ይላል።

እንግዲህ ሥልጣንን በሰው ብቻ ሳይሆን በአገልግሎትም መለካት ለአገራችን ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ክብ ሆና የታነጸችው ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብላ በሦስት ትከፈላለች፤ በመጀመሪያው መዘምራን ይቆማሉ፣ በሁለተኛው ቆራብያን ይቀበላሉ፣ ወደ ሦስተኛው ግን ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር የሚዘልቅ የለም። ምእመኑ ከመቅደስ ደጃፍ የሚመለሰው ኃጢአተኛ ነው ተብሎ ተፈርዶበት ሳይሆን አገልግሎቱ በዚያ ስላልሆነ ነው፤ ክልከላው ክስ የለበትም። በቤተ መንግሥቱም እልፍኝ አስከልካይ የተባለው ሹም መኳንንቱን በደጅ ሲያቆም ጠላት ናችሁ ማለቱ አልነበረም፤ እያንዳንዱ እስከ የት እንደሚዘልቅ ወሰኑን ማስከበሩ ነበር። ጀሮም ሳልዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ሐሳብ ለኮምፒዩተር ሕግ አድርገው፣ ማንኛውም ፕሮግራም ሥራውን ለመፈጸም ከሚበቃው የበለጠ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም ሲሉ አስቀመጡት።

አፕአርመር የዚህ ሕግ አንድ ልጅ ነው። ሲወለድ ሰብዶሜን ይባል ነበር፤ ያሳደገውም በክሪስፒን ካወን መሪነት ይሠራ የነበረው ኢሚዩኒክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ኖቬል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ኩባንያውን ገዝቶ አዲሱን ስም ካወጣለት በኋላ በዓመቱ ለሕዝብ በነጻ ለቀቀው፤ በ2007 ግን የሚያሳድጉትን ሠራተኞች አሰናበተና ፕሮግራሙ አሳዳጊ እንዳጣ ልጅ ሆነ። ኋላ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚያዘጋጀው ካኖኒካል አንሥቶ አሳደገው፤ በ2010 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ፤ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ዴቢያንም በ2019 ካወጣው አሥረኛ እትሙ ጀምሮ ሳይጠየቅ የሚነሣ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ብሔራዊ የጸጥታ ድርጅት ለሕዝብ ያወጣው ወንድሙ ኤስኢሊኑክስ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ማኅተም አትሞ በማኅተሙ ሲፈርድ፣ አፕአርመር ፋይሉ በሚገኝበት መንገድ ስም ይፈርዳል። የመጀመሪያው ጥብቅ ቢሆንም አስተዳዳሪውን ያደክማል፤ ሁለተኛው የሰው ልጅ ቁጭ ብሎ ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ስለሚጻፍ ለጽሕፈት ቤት ባለቤትም ይደርሳል።

በተንኮለኛ ሰነድ የሚደርሰው ጥፋት የሩቅ ወሬ አለመሆኑን ግን ሰበታና በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ እኅት ከተሞቿ በራሳቸው ታሪክ ያውቁታል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው በፊት፣ አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያስተሳስራል በተባለው ማስተር ፕላን ስማቸው የተነሣ ከተሞች ነበሩ። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ቢሰረዝም በእርሱ የተነሣው ተቃውሞ ቀጠለ፤ በቢሾፍቱ የእሬቻ በዓል የብዙ ሰው ሕይወት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 24 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ የነበሩት የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ ጃዋር መሐመድ በመልእክት ሳጥናቸው አንድ ኢሜይል አገኙ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ እንደገለጸው፣ እንዲህ ያሉ መልእክቶች የታወቀ የቪዲዮ ገጽን አስመስሎ ወደ ተሠራ ቦታ እየመሩ፣ የፍላሽ ማጫወቻ አፕዴት ወይም የፒዲኤፍ ማንበቢያ ተጨማሪ መስሎ የቀረበውን የስለላ ፕሮግራም እንዲጭኑ ተቀባዮቹን ይጋብዙ ነበር፤ መሣሪያውን የሠራው ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ፣ የተጠቀሙበትም የኢትዮጵያ መንግሥት አካላት ናቸው ሲል ደምድሟል። ከዚህ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው፣ ሰላዮቹ የራሳቸውን የሥራ መዝገብ በኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት አድርገው ስለተዉት፣ ተመራማሪዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ እያነበቡ የሰላዮቹን ዱካ መከተላቸው ነው። የሰውን እልፍኝ የሰበረው ለራሱ እልፍኝ አስከልካይ አልሾመም ነበር።

ያ ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ስለነበር አፕአርመር ሊያግደው ይችል ነበር ማለት ስሕተት ይሆናል። ሆኖም ሊኑክስም ከፒዲኤፍ ወጥመድ ነጻ አለመሆኑን ከዚያ አስቀድሞ ሐምሌ 30 ቀን 2007 ዓ.ም. የፋየርፎክስ ማሠሻ ባለቤት ሞዚላ ራሱ አስታውቆ ነበር፤ በአንድ የሩሲያ የዜና ገጽ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ አማካይነት በማሠሻው የፒዲኤፍ ማንበቢያ ቀዳዳ እየገባ፣ በሊኑክስ ተጠቃሚ ቤት ውስጥ የመግቢያ ቁልፎችን፣ የትእዛዝ ታሪክንና በስማቸው የይለፍ ቃል የሚያሸቱ ጽሑፎችን ለቅሞ የሚሰድ ተንኮል ተገኝቷልና። በዚያን ጊዜ ኡቡንቱ የፋየርፎክስን ማሠሻ ከቁልፎቹ ማኅደር የሚከለክል የፈቃድ መዝገብ ጽፎ ያድል ነበር፤ ነገር ግን ተዘግቶ የሚታደል ስለሆነ፣ ካላነቁት በቀር በረኛው በየቤቱ ተኝቶ ነበር።

መዝገቡ እንዴት እንደሚጻፍ የሰበታው ወጣት በፊቴ ሠርቶ አሳየኝ። ባለሙያዎቹ ፕሮፋይል የሚሉት የፈቃድ መዝገብ በሥርዓቱ ማኅደር ውስጥ አፕአርመር.ዲ በተባለ ክፍል የሚቀመጥ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በውስጡ የየመንገዱ ስም ይሰፍራል፣ በስሙ ፊት ለፊት ማንበብ ብቻ፣ መጻፍም፣ ማስኬድም የሚሉት ፈቃዶች በአንዳንድ ፊደል ይጻፋሉ፣ በመዝገቡ ስሙ ያልተጠራ መንገድ ሁሉ የተዘጋ ነው። በግልጽ «ይከልከል» የተባለ ነገር ደግሞ ሌላ መስመር ቢፈቅደው እንኳ ክልከላው ይበረታል።

መዝገቡ ሁለት ዋና አኗኗር አለው። በመጀመሪያው፣ የአቤቱታ ሁኔታ ብለን ልንጠራው በምንችለው፣ በረኛው በግልጽ ከተከለከለው በቀር ማንንም ሳያግድ ሕግ የተላለፈውን ሁሉ እየጻፈ አቤት ይላል፤ በሁለተኛው፣ በማስፈጸም ሁኔታ፣ ያግዳል። ወጣቱ ኤኤ-ጀንፕሮፍ የተባለውን መሣሪያ ለፒዲኤፍ ማንበቢያው አስነሥቶ፣ በሌላ መስኮት ማንበቢያውን የዕለት ሥራውን ሁሉ አሠራው፤ ከፍላሽ ከፈተ፣ ፈለገ፣ አሳተመ፣ ቅጂ አስቀመጠ። ከዚያ መሣሪያው እያንዳንዱን የተነካ መንገድ እያነሣ «ይፈቀድ? ይከልከል?» ሲል ጠየቀው፤ እርሱም እንደ ዳኛ እያመዛዘነ መለሰ።

«ችኩል ሰው ሁሉንም ፍቀድ ብሎ ይጨርሳል ጋሼ፤ ያን ጊዜ መዝገቡ ጽሑፍ እንጂ በር አይሆንም» አለኝ።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ጥልቁ ፕሮግራሙ ሌላ ፕሮግራም ሲጠራ የሚመጣው ነው። የተጠራው በጠሪው ወሰን ውስጥ ይሥራ፣ ወይስ የራሱን መዝገብ ይዞ ይግባ፣ ወይስ ያለ ወሰን ይለቀቅ? የመጨረሻውን መልስ የሚመርጥ ሰው የፊቱን በር ዘግቶ የጓሮውን ይከፍታል፤ አሽከሩን አስሮ የአሽከሩን አሽከር የለቀቀ ጌታ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ መካከል ግን አንድ ጉድለት ሾልኮ አልፎ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው መርሐ ዕውራን የተባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሚገኘው በሰበታ ነው፤ ከዚያ ተምረው የወጡና ዛሬ በጥብቅና ሙያ የሚተዳደሩ አንድ ሰው የዚህች ጽሕፈት ቤት ደንበኛ ናቸው። ኦርካ የተባለው የኡቡንቱ የማያ ገጽ አንባቢ የመስኮቱን ጽሑፍ እየተቀበለ፣ ኢስፒክ የተባለው ድምፅ ሰጪ በአማርኛ እያሰማላቸው ይሠራሉ። ወጣቱ ያንኑ መዝገብ በእርሳቸው ላፕቶፕ ላይ ካደረገና ወደ ማስፈጸም ካዞረ በኋላ ጠበቃው የክስ መልሳቸውን ከፈቱ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ዝም አለ።

«ሰነዱ ተከፍቷል?» ብለው ጠየቁ።

«ተከፍቷል ጋሼ፣ ይታያል።»

«ለአንተ ነዋ የሚታየው» አሉ ፈገግ ብለው።

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ማንበቢያው ጽሑፉን ለኦርካ የሚያቀብለው ዲ-ባስ በተባለው የመልእክት ጎዳና በኩል ነው፤ በኡቡንቱ ደግሞ በረኛው ፋይልን ብቻ ሳይሆን ይህን ጎዳናም ይጠብቃል። መዝገቡ ሲጻፍ ማንበቢያው ሲሠራ የታየው ዓይናማ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ስለነበር፣ ለዓይነ ስውሩ የሚናገርበት መንገድ በአቤቱታው ዘመን አንድ ጊዜም አልታየም፤ ያልታየውም ሳይፈቀድ ቀረ። ወጣቱ መዝገቡን ወደ አቤቱታ መልሶ፣ ኦርካን አስነሥቶ፣ ከጠበቃው ጋር አንድ ገጽ ሙሉ አስነበበ፤ ከአፕአርመር ጋር ከሚመጡት፣ ረቂቅ ተብለው አስቀድመው ከተጻፉት የፈቃድ ጥቅሎች መካከል ለዚሁ የተዘጋጀውን በአንድ መስመር ሲጨምር ድምፁ ተመለሰ። ክልከላ የሚጻፈው የሌባን ጠባይ በማጥናት ነው ብዬ አምን ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን የሚጠናው የሠራተኛው ውሎ መሆኑን፣ ውሎውም በሚገለገለው ሰው ልክ እንደሚለያይ ተረዳሁ።

በሳምንቱ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ ወረድኩ። የወጣቱ ወንድም በዚያ ተመሳሳይ ሥራ ስላለው መዝገቡን በፍላሽ ገልብጦ ወስዶ ነበር፤ ሆኖም ከሰበታ የመጣው በረኛ በቡራዩ የቤቱን ልጅ መለሰው። ምክንያቱ ሲመረመር የቋንቋ ሆኖ ተገኘ። የቡራዩው ወንድም አማርኛ ወዳድ በመሆኑ የሰነዶች ማኅደሩን «ሰነዶች»፣ ከኢንተርኔት የሚወርዱትን የሚያስቀምጥበትን «የወረዱ» ብሎ ሰይሟቸዋል፤ መዝገቡ ግን የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ስም ብቻ ነው። በመንገድ ስም የሚፈርድ ዳኛ ሰፈሩ ስሙን ሲለውጥ አገሩ ይጠፋበታል።

የዕለት መዝገቡን ሲከፍቱትም ሌላ እንቆቅልሽ ገጠማቸው፤ የተከለከለው ፋይል ስም በሚጠበቅበት ቦታ ላይ ረጅም የቁጥርና የላቲን ፊደል ሰንሰለት ተዘርግቷል። የከርነሉ መዝገብ ጸሐፊ ከመደበኛው የላቲን ፊደል ውጭ የሆነ ነገር ሲያጋጥመው ስሙን በሙሉ ወደ ምሥጢረ ቁጥር ስለሚለውጥ ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በኮምፒዩተሩ ሆድ ሦስት ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት በሁለት ምልክት ይጻፋል፤ ስለዚህ «ቡራዩ» የምትለው የሦስት ፊደል ስም ብቻዋን 18 ምልክት ሆና ትወጣለች። ኤኤ-ዲኮድ የተባለችው ትንሽ መሣሪያ ሰንሰለቱን ተቀብላ ፊደሉን ስትመልስ ወንድማማቾቹ ሳቁ። መፍትሔውም ቅርብ ነበር፤ የየቤቱ ማኅደሮች ስም በሚመዘገብበት ፋይል ውስጥ የአማርኛዎቹን ስሞች ጽፈው መዝገቡን እንደገና ሲያስነብቡት በረኛው የቤቱን ልጅ ለየው።

ሦስተኛው ጉዞዬ ከአዲሱ ገበያ የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ ነበር፤ በዚያ ብርድ ውስጥ ጋቢ ደርባ የምትሠራ አንዲት መምህርት ወዳጄ አለች። በኡቡንቱ 22.04 ፋየርፎክስ ስናፕ በተባለው ጥቅል ስለሚመጣ፣ እርሷ አንድ መስመር ሳትጽፍ በረኛው ማሠሻዋን ከብቦ ይጠብቃል፤ በስማቸው መነሻ ላይ ነጥብ ያለባቸውን ድብቅ ማኅደሮች፣ የመግቢያ ቁልፎቿ ያሉበትን ጭምር፣ በራሱ ሄዶ እንዲያይ አይተውለትም።

«እንግዲያው ልተኛ?» አለችኝ።

አትተኚ አልኳት። በረኛው የተፈቀደውን አይመረምርም፤ የወረዱትን ማኅደር እንዲያነብ የተፈቀደለት ማሠሻ ቢስት በዚያ ያለውን ሁሉ ሊያወጣ ይችላል። ከርነሉ ራሱ ቢቀደድ በረኛው የሚቆምበት ደጃፍ አብሮ ይፈርሳል። ኤክስ በተባለው አሮጌ የመስኮት ሥርዓት ደግሞ አንዱ ፕሮግራም ሌላው ላይ የሚጻፈውን ቁልፍ በቁልፍ ማዳመጥ ስለሚችል፣ ፋይሎቹ በተቆለፉበት ቤት ወሬው በግድግዳው ያልፋል፤ ዌይላንድ የተባለው አዲሱ ሥርዓት ይህን ግድግዳ አጥብቆታል። ወዳጄ ይህን ሰምታ በየትኛው እንደምትሠራ ከቅንብሯ ውስጥ ፈልጋ፣ ዌይላንድ የሚለውን ስታገኝ ጋቢዋን አስተካክላ ወደ ፈተና እርማትዋ ተመለሰች።

ወደ ሰበታ የተመለስኩት ማስታወሻዬን ለማረም ነበር። ወጣቱ የመጨረሻውን መዝገብ ሲከፍትልኝ ባለፈው ያላየሁትን ነገር አየሁ። በአፕአርመር ሥርዓት በመሰላል ምልክት የሚጀምር መስመር አብዛኛውን ጊዜ በረኛው የማያነበው፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ ነው፤ እርሱም የብራና ጸሐፍት በኅዳግ ላይ እንደሚያደርጉት፣ ከእያንዳንዱ ፈቃድ በላይ በአማርኛ ምክንያቱን አስፍሯል። «ይህ የተፈቀደው ከፍላሽ ለማንበብ ነው፤ መጻፍ አያስፈልገውም።» «ይህ ለማተሚያው ነው።» ዝቅ ብሎ ደግሞ፣

«ይህ ለኦርካ ነው። ጠበቃው ሳይኖሩ እንዳይነካ።»

አዴ በዚያን ቀን እንደገና መጥተው በአግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ወጣቱ ፍላሹን ተቀብሎ ሰካ፣ ሰነዱን ከፈተ፣ ዓይኑን ወደ ጥቁሩ ሰሌዳ ጣለ፤ ከዚያ «ስንት ኮፒ ይሁን አዴ?» አላቸው።